የገበያ ወሬ በስልክ፤ ጥቅሙ በምን ይመዘናል?

በየወረዳውና በየዞኑ ተሾማችሁ የእርሻን ሥራ የምትመለከቱ፣ ሰፊ መሬትም ይዛችሁ የምታሳርሱ አንባብያን ሆይ፣ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ወደ ጽሕፈት ቤታችሁ የሚመላለስ አንድ ዓይነት ባለጉዳይ እንዳለ ሳታስተውሉ አትቀሩም። ይህ ባለጉዳይ የእጅ ስልኩን ይዞ ይመጣና፣ በስልኩ ውስጥ የእህሉንና የከብቱን ዋጋ፣ የዝናቡን ሁኔታ፣ የማዳበሪያውን ልክ የሚናገር አዲስ ብልሃት መኖሩን ገልጦ፣ ወረዳው ገንዘብ ቢመድብለት፣ ገበሬውም በየወሩ ጥቂት ብር ቢከፍል፣ ሁሉም ባለጸጋ እንደሚሆን ያስረዳል። ንግግሩ የጣፈጠ፣ ወረቀቱም ያማረ ነው። ሹሙም ያን ጊዜ በሁለት ሐሳብ ይያዛል፤ እምቢ ቢል አዲስ ጥበብ የሚጠላ ኋላ ቀር እንዳይባል ይፈራል፤ እሺ ቢል ደግሞ የሕዝብ ገንዘብ በከንቱ እንዳይጠፋ ይሠጋል። ስለዚህ ይህን የመሰለ ወሬ አመላላሽ መሣሪያ በእርግጥ ትርፍ የሚሰጠው የትና ለማን እንደ ሆነ፣ በሌላ አገርና በአገራችን የታየውን ምሳሌ አድርገን ለማስረዳት ይህን ጽፈናል።

አስቀድሞ ግን፣ የአዲስ መሣሪያን ዕድል በመገመት ረገድ የተሳሳቱ ትልልቅ ሰዎች አያሌ መሆናቸውን ማወቅ ይገባል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኤ ቲ ኤንድ ቲ የተባለው የአሜሪካ የቴሌፎን ኩባንያ፣ በ2000 ዓመት በአገሩ ውስጥ ስንት የእጅ ስልክ ይኖራል ብሎ አማካሪዎቹን ቢጠይቅ፣ 900 ሺህ ያህል ብለው መለሱለት። ዓመቱ በደረሰ ጊዜ ግን ቍጥሩ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሆኖ ተገኘ። ሌሎቹ ደግሞ በተቃራኒው ተሳሳቱ። ኢሪዲየም የተባለው ኩባንያ በየትኛውም በረሃና ባሕር የሚያነጋግር ስልክ አቆማለሁ ብሎ 5 ቢሊዮን ዶላር ያህል አፍስሶ 66 ሳተላይቶች በሰማይ ላይ አሰማራ። በ1998 መጨረሻ ሥራውን ቢጀምርም፣ ዓመት እንኳ ሳይሞላው በ1999 ዕዳውን መክፈል አቅቶት ኪሳራውን ለፍርድ ቤት አስታወቀ። የስልኩ ዋጋ 3 ሺህ ዶላር ያህል ነበረ፤ በቤት ውስጥ ሆኖም በደንብ አይሰማም ነበረ። ሳተላይቶቹ በደንብ ይሠሩ ነበር፤ የጎደለው ገዢ ነው። ፊተኞቹ መሣሪያው በዚያ ዘመን ከባድና ውድ መሆኑን አይተው ንቀውታል፤ ኋለኞቹ በመሣሪያው ተደንቀው ማን ይፈልገዋል ብለው ሳይጠይቁ ቀርተዋል። ሁለቱም ያዩት መሣሪያውን እንጂ ሰውየውን አይደለም።

ሰውየውን ለማየት ከሕንድ አገር የተገኘ አንድ ታሪክ ይረዳናል፤ ስለ ገበያ ወሬ ከተጻፉት ሁሉ ይህን ያህል በጥንቃቄ የተቈጠረ ጥቂት ነው።

በሕንድ ደቡብ ምዕራብ ጠረፍ ኬረላ የሚባል ክፍለ አገር አለ። የዚያ አገር ሕዝብ አብዛኛው በየቀኑ ዓሣ ይመገባል። በሰሜኑ ጠረፍ ያሉት አጥማጆች ሌሊት ወጥተው ሠርዲን የሚባለውን ትንንሽ ዓሣ አጥምደው ሲነጋ ወደ ዳር ይመለሳሉ፤ ገበያውም በባሕሩ ዳር በአሸዋው ላይ ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ድረስ ይቆማል። ገበያዎቹ እርስ በርሳቸው በአማካይ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። ዓሣው ቶሎ የሚበላሽ ነው፤ ማስቀመጫም የለም። አጥማጁ በባሕር ላይ ሳለ በየትኛው ዳር ገዢ እንዳለ፣ በየትኛው እንደሌለ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ከአንዱ ገበያ ወደ ሌላው ልሂድ ቢል ነዳጁ ያልቃል፤ በደረሰም ጊዜ ገበያው ተበትኖ ይቆየዋል። ስለዚህ ሁሉም ዞሮ ዞሮ ወደየመንደሩ ዳር ይመለስ ነበር።

የዚህንም ጕዳት በአንድ ቀን ታሪክ ማየት ይቻላል። በእኛ አቆጣጠር ጥር 6 ቀን 1989 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች 1997 ዓመት፣ ባዳጋራ በምትባል መንደር 11 አጥማጆች ያጠመዱትን ዓሣ የሚገዛቸው ሰው አጥተው ጣሉት። በዚያው ሰዓት ከእነርሱ 15 ኪሎ ሜትር በማይርቅ ቦታ፣ በቾምባላና በኩዊላንዲ ዳርቻዎች፣ ለኪሎ ወደ 10 ሩፒ ለመክፈል የተዘጋጁ 27 ገዢዎች ዓሣ አጥተው ባዶ እጃቸውን ሊመለሱ ነበር። ዓሣው ሳይጠፋ፣ ገንዘቡም ሳይጠፋ፣ አንዱ የሌላውን ሁኔታ ባለማወቁ ብቻ ሁለቱም ከሰሩ።

በዚያው ዓመት የእጅ ስልክ ወደ አገሩ መግባት ጀመረ። ሮበርት ጄንሰን የተባለ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ስልኩ ከመግባቱ በፊት ጀምሮ እስከ 2001 ዓመት ድረስ የ300 ጀልባዎችን ሽያጭ በየሳምንቱ እያስጠየቀ በ15 ገበያዎች ያስመዘግብ ነበር። ስልኩ በጠረፉ ላይ በሦስት ጊዜ እየተከፈለ ስለ ገባ፣ ስልክ ያለውን ክፍል ከሌለው ጋራ ለማስተያየት ተመቸ። ውጤቱን በ2007 አሳትሞታል። ስልክ ከመግባቱ በፊት አጥማጁ ከመንደሩ ውጪ ይሸጣል ማለት አይቻልም ነበር፤ ከገባ በኋላ ከመቶው ከ30 እስከ 40 የሚሆነው ወደ ሌላ ገበያ እየሄደ ሸጠ። ቀድሞ በየቀኑ ከመቶው ከ5 እስከ 8 እጅ የሚሆን ዓሣ ይጣል የነበረው ፈጽሞ ቀረ። የአጥማጁ ትርፍ ከመቶ 8 ያህል ሲያድግ፣ በላተኛው የሚከፍለው ዋጋ ከመቶ 4 ያህል ቀነሰ። ሻጩም ገዢውም በአንድነት የተጠቀሙበት እንዲህ ያለ ነገር በንግድ ዓለም ዘወትር የሚገኝ አይደለም፤ የሆነበትም ምክንያት ትርፉ ከአንዱ ኪስ ወጥቶ ወደ ሌላው የገባ ሳይሆን፣ ቀድሞ በባሕር ዳር ተጥሎ ይበሰብስ ከነበረው የተገኘ በመሆኑ ነው።

ይህን ታሪክ የሰማ ሰው ሁሉ ወዲያው ለገበሬያችንም እንዲሁ ይሁንልን ይላል። ነገር ግን የኬረላን አጥማጅ ሁኔታ ደኅና አድርጎ መመልከት ይገባል። ዓሣው እስከ ማለዳ ካልተሸጠ ዋጋ የለውም፤ ስለዚህ ወሬው የሚያድነው ጕዳት ትልቅ ነው። ጀልባው የራሱ ነው፤ ባሕሩም ድልድይና መንገድ አያስፈልገውም፤ ወሬውን በሰማ ጊዜ ፊቱን ወደ ወደደው ዳር ማዞር ይችላል። በዚያውም ላይ ስልኩን ያመጣለት መንግሥት ወይም በጎ አድራጊ አይደለም። ኩባንያው ምሰሶዎቹን የተከለው ለከተማው ሰው ብሎ ነበር፤ ድምፁ ግን ከ20 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ድረስ ወደ ባሕሩ ስለ ዘለቀ አጥማጆቹ በራሳቸው ገንዘብ ስልክ እየገዙ ተጠቀሙበት። በ2001 ከመቶው ጀልባ ከ60 የሚበልጠው ስልክ ይዞ ነበር።

አሁን ከዚያው ከሕንድ ሌላ ምሳሌ እንውሰድ፤ እንዲያውም ለእኛ ሹማምንት ከፊተኛው ይልቅ የሚጠቅመው ይህ ሳይሆን አይቀርም። በማሃራሽትራ ክፍለ አገር ሮይተርስ የተባለው ወሬ አሰራጭ ድርጅት ከ2007 ጀምሮ ለገበሬው በስልኩ ላይ የዋጋና የአየር ሁኔታ መልእክት በየጊዜው የሚልክ አገልግሎት በክፍያ አቋቁሞ ነበር። ማርሴል ፋፍሻምና ባርት ሚንተን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በ100 መንደሮች ውስጥ ለአንዳንዶቹ ገበሬዎች የአንድ ዓመት አገልግሎት በነጻ ሰጥተው፣ ካልተሰጣቸው ጋራ አስተያዩ። ገበሬዎቹ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ሮማን፣ ስንዴና አኩሪ አተር የሚያመርቱ ነበሩ። ምርመራው በ2012 ሲታተም እንደ ታየው፣ መልእክቱ የደረሳቸው ሰዎች የተቀበሉት ዋጋ መልእክት ካልደረሳቸው ሰዎች ዋጋ በአማካይ የሚለይ ሆኖ አልተገኘም፤ በዝናብ የሚበላሸውም ሰብል አልቀነሰም። መልእክቱ ሐሰት አልነበረም፤ ገበሬዎቹም ያነቡት ነበር። ትርፉ ግን በመቍጠሪያው ላይ አልታየም።

ነገሩ ለምን እንዲህ እንደ ሆነ ይህን የሚጽፈው ሰው በአንድ የገበያ ከተማ ካገኛቸው ሽማግሌ ገበሬ የሰማው ቃል ይገልጠዋል። ስለ ስንዴ ዋጋ ወሬ በምን ያገኛሉ ብሎ ቢጠይቃቸው፣ «የአዲስ አበባውንማ ልጄ እዚያ የጕልበት ሥራ ስለሚሠራ ማታ ማታ በስልክ ይነግረኛል። ዋጋውን ማወቅ መች ቸገረኝ ልጄ? በክረምት ለማዳበሪያ የተበደርሁበት ሰው አለ፤ እህሉ ገና በማሳው ሳለ የእርሱ ሆኗል። እንደሱ ባይሆንስ በሁለት አህያ የት አደርሰዋለሁ?» ብለው መለሱ። እኒህ ሰው ምንም ያህል ያማረ መሣሪያ ቢሰጣቸው፣ በምን ያህል እንደ ተጐዱ አጥርተው ያውቁበት ይሆናል እንጂ ሌላ አይጨምርላቸውም።

በኒጀር አገርም የታየው ይህን ያጸናል። ከ2001 ወዲህ የእጅ ስልክ በገባ ጊዜ የእህል ነጋዴዎች ከገበያ ገበያ እየተጠያየቁ ስለ ጫኑ፣ በገበያዎች መካከል የነበረው የዋጋ ልዩነት ከመቶ ከ10 እስከ 16 እጅ እንደ ጠበበ ጄኒ ኤከር የተባለች ሊቅ ጽፋለች። ነገር ግን ኋላ ከፋፍሻም ጋራ ሆና የገበሬውን ድርሻ ብትመረምር፣ ለውጥ የታየው ቶሎ በሚነቅዘው ጥራጥሬ ዋጋ እንጂ፣ ተከማችቶ ሊቆይ በሚችለው እህል ላይ አልነበረም። ስልክ የያዙት ገበሬዎች ወሬ አብዝተው ቢሰሙም፣ እህላቸውን ጭነው ወደ ሩቅ ገበያ የሄዱ ሆነው አልተገኙም። ስለዚህ መሣሪያውን የሚገዛው ማን እንደ ሆነ ስንጠይቅ ብዙ ጊዜ መልሱ ነጋዴው ነው። ይህም ክፉ ነገር አይደለም። ነጋዴዎቹ ብዙ ሆነው የሚፎካከሩ ከሆነ ጥቅሙ ወደ ገበሬውም ወደ በላተኛውም ይወርዳል፤ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ከሆኑ ግን እዚያው ይቀራል። መሣሪያ ሻጩ ይህን ልዩነት አይነግራችሁም፤ ምናልባትም አያውቀው ይሆናል።

ወሬውን ከሌላ ነገር ጋራ አያይዞ ያተረፈ ኩባንያም አለ። አይ ቲ ሲ የተባለው የሕንድ ኩባንያ በማድያ ፕራዴሽ አኩሪ አተር ይገዛ ነበር። ገበሬው አተሩን በጋሪ ጭኖ ወደ መንግሥቱ ገበያ ይመጣል፤ በዚያ ደላላ ይቀበለዋል፤ ሚዛኑ ያጭበረብራል፤ ዋጋው ቢያንስበትም መልሶ መጫን ስለሚከብደው ሸጦ ይሄዳል። ኩባንያው በ2000 ዓመት በየመንደሩ በአንድ የታመነ ገበሬ ቤት ኮምፒውተር አኖረ፤ ለመብራቱ የፀሐይ ኀይል፣ ለመልእክቱ የሳተላይት መቀበያ ሳሕን አቆመ። ባለ ኮምፒውተሩም መንደርተኛውን በእውነት ሊያገለግል በሕዝብ ፊት ይምላል፤ በተሸጠው ልክም አበል ያገኛል። ገበሬው የነገውን የመግዣ ዋጋ ከቤቱ ሳይወጣ ያውቃል። ቢስማማው ወደ ኩባንያው መጋዘን ይወስዳል፤ በዚያ በኤሌክትሪክ ሚዛን ተመዝኖ ገንዘቡን በዕለቱ ይቀበላል። ባይስማማው ወደ ቀድሞው ገበያ መሄድ ይችላል። አፓራጂታ ጎያል በ2010 ባሳተመችው ምርመራ፣ ኮምፒውተሩ በገባባቸው ወረዳዎች የአኩሪ አተር ዋጋ በመንግሥቱ ገበያ ሳይቀር ከመቶ ከ1 እስከ 3 እንደ ጨመረ ታየ። ይህ ቍጥር ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ለኩባንያው ላልሸጠው ገበሬም የደረሰ ነው፤ ደላላው ተወዳዳሪ ስለ መጣበት እጁን ለመሰብሰብ ተገደደ። ኮምፒውተሩን ማን ከፈለው? ኩባንያው። ለምን ከፈለ? ለደላላ ይሰጥ የነበረው ገንዘብና በማመላለስ ይባክን የነበረው ስለ ቀረለት ነው። ገበሬው ለወሬው አንዲት ሩፒ አልከፈለም። ኋላ ከ6 ሺህ በላይ ለሆኑ የመንደር ኮምፒውተሮች ያበቃው ይኸው ሒሳብ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር ያቆመው የወሬ መሣሪያ ብቻ አልነበረም። በየገበያ ከተማው የዋጋ ሰሌዳ ተክሏል፤ በስልክ ቍጥር 929 የሚጠይቅም ዋጋ ይነገረው ነበር። ዋና ሥራው ግን በመጋዘኑ ነው፤ ምርቱ ይመዘናል፣ ደረጃው ይለያል፣ ለባለቤቱ ደረሰኝ ይሰጠዋል፣ ከሽያጩም በኋላ ገንዘቡ በሚቀጥለው ቀን በባንክ ይገባለታል። ሰሌዳው ላይ የሚታየው ዋጋ ትርጕም ያገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ያልተመዘነና ደረጃው ያልታወቀ እህል ይዞ የሰሌዳውን ዋጋ መጠየቅ በሰው ልጅ ሠርግ እንደ መዘፈን ነውና።

በዚያውም ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። ቡና በምርት ገበያው በኩል እንዲሸጥ በታዘዘ ጊዜ በደረጃና በአካባቢ ተደባልቆ ይሸጥ ስለ ነበር፣ ዋጋው ግልጥ ቢሆንም የየትኛው ቀበሌ፣ የየትኛው ማጠቢያ ቡና እንደ ሆነ ማወቅ ተሳነ። የተለየ ጣዕም ፈልገው ከፍ ያለ ዋጋ የሚከፍሉት የውጭ ገዢዎች የጠየቁት ይህንኑ ነበር። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቡና ግብይት አዋጅ ከምርት ገበያው ውጪ በቀጥታ የመሸጥ መንገድ የከፈተው ከዚህ ቅሬታ በኋላ ነው። ዋጋን የሚናገር መሣሪያ ሌላውን ወሬ ሊያጠፋ እንደሚችል ከዚህ ይታያል።

ሁለተኛው በ2006 ዓ.ም. የተከፈተው የ8028 መስመር ነው። ገበሬው ያለ ክፍያ ደውሎ ስለ አዘራር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ተባይ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሌሎችም ቋንቋዎች ምክር ይሰማል። ማንበብ ለማይችለው ሰው በድምፅ መሆኑ እጅግ የተመቸ ነው፤ ብዙ ሚሊዮን ጥሪም ተቀብሏል። ነገር ግን ይህ ንግድ አይደለም፤ የማስተማር ሥራ ነው። ስለዚህ ስንት አተረፈ ተብሎ አይጠየቅም፤ የልማት ሠራተኛው በእግሩ ሄዶ ያንኑ ምክር ለመስጠት ከሚያስወጣው ወጪ ጋራ ይመዘናል እንጂ። እነዚህን ሁለት ዓይነት ሒሳቦች ቀላቅሎ የሚያቀርብ ባለጉዳይ ቢመጣ ወረቀቱን ለይቶ እንዲያመጣ መልሱት።

ደግሞም የመሣሪያው ትርፍ ባልታሰበበት በኩል ሲመጣ ይታያል። በኬንያ ኤም ፔሳ በ2005 የተሞከረው ተበዳሪዎች የብድራቸውን ክፍያ በስልክ እንዲመልሱ ነበር። ሰዎቹ ግን ለዘመድ ገንዘብ መላኪያ አደረጉት፤ ኩባንያውም ይህን አይቶ በ2007 ሲከፍተው ገንዘብ መላኪያ ብሎ ከፈተው። ስለዚህ በጥቂት ቀበሌ ሞክሮ ሰዎቹ በእጃቸው ምን እንደሚያደርጉበት መመልከት፣ በአንድ ጊዜ ለወረዳው ሁሉ ከመግዛት ይሻላል።

እንግዲህ ባለጉዳዩ በፊታችሁ ሲቆም ሒሳቡን እንዴት ታደርጉታላችሁ? ለምሳሌ ያህል እንዲህ እንበል። በቅርቡ ገበያ የአንድ ኩንታል ስንዴ ዋጋ በሩቁ ካለው 300 ብር ቢያንስ፣ የማጓጓዣው ኪራይ ለኩንታል 250 ብር ቢሆን፣ ሁለት ኩንታል ያለው ገበሬ ወሬውን ሰምቶ ቢጓዝ የሚቀርለት 100 ብር ነው፤ ከዚያም የቀን ሥራውና ስንቁ ይቀነሳል። ለዚህ ሰው መሣሪያው በነጻ ቢሰጠው እንኳ አይነሣም። መቶ ኩንታል ለሚጭን ነጋዴ ወይም በአንድነት ለሚሸጥ ማኅበር ግን ትርፉ 5 ሺህ ብር ነው፤ ኪራዩም በብዛት ሲጫን ይረክሳል። ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ወተት ወይም ዓሣ ከሆነ ሒሳቡ ሌላ ነው፤ በዚያ የሚቈጠረው የዋጋው ልዩነት ብቻ ሳይሆን የሚጣለውም ጭምር ነው፤ ወሬው በሰዓት መድረሱም ዋጋ አለው።

ይህን ለማወቅ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም። በወረዳው ውስጥ ሁለት ገበያዎች ይመረጡ፤ በእያንዳንዱ ማንበብና መጻፍ የሚችል አንድ ሰው በተከታታይ ስምንት የገበያ ቀን ይቁም። በጠዋት፣ በቀትርና ገበያው ሊበተን ሲል የሦስት ዓይነት ምርት ዋጋ ይጻፍ፤ የገዢዎቹን ቍጥር ይቍጠር፤ ሳይሸጥ የተመለሰውንና የተጣለውን ይመዝግብ። ከሻጮቹም መካከል ሃያውን ጠርቶ፣ እህሉ አስቀድሞ ለአበዳሪ የተያዘ መሆን አለመሆኑን፣ የሌላውንም ገበያ ዋጋ ያውቁ እንደ ሆነና ካወቁም ለምን እንዳልሄዱ ይጠይቅ። የሁለቱ ገበያዎች ዋጋ ተቀራራቢ ሆኖ ከተገኘ ወሬው ቀድሞም በነጋዴው ስልክ ይመላለሳል ማለት ነው፤ አዲሱ መሣሪያ የሚሸጠው ነገር የለውም። ዋጋው ተራርቆ ሳለ ሰዎቹ «መንገዱ» ወይም «ዕዳው» ብለው ከመለሱ ገንዘቡ ወደ መንገዱ ወይም ወደ ብድር ማኅበሩ ይሂድ። ዋጋው ተራርቆ፣ ምርቱም እየተጣለ፣ ሰዎቹ «አላወቅንም ነበር» ካሉ ግን፣ ባለጉዳዩን ጠርታችሁ ወንበር ስጡት፤ መዝገቡንም ከፊቱ ዘርግታችሁ ለመሣሪያው ማን በየወሩ እንደሚከፍል፣ የመንግሥት ድጋፍ ባለቀ ማግስትም ማን መብራቱንና ጥገናውን እንደሚችል በጽሑፍ እንዲያስረዳ ጠይቁት።